ዕድሜ ሲጠየቅ

ኢትዮጵያ ሕዝቧን በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠረችው በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ልደታ ዕለት ነው። እኔ ያኔ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ፤ ቆጣሪ ሆኜ ተመለመልኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ድረስ ከመጠይቅ ጋር ኖርኩ። በጦርነት ምክንያት ቆጣሪ ሊገባባቸው ያልቻሉት አካባቢዎች በግምት ተሞልተው የሕዝቡ ብዛት 42.6 ሚሊዮን ገደማ ተባለ። ብዙ ሰው ቆጠራ ሲባል አስቸጋሪው ነገር ዳገት መውጣትና ቤት ለቤት መዞር ይመስለዋል። እግር ይለምደዋል። የማይለመደው ከስምና ከጾታ ቀጥላ የምትመጣው አጭር ጥያቄ ነች፤ ዕድሜ ስንት ነው?

ጥያቄዋን ያረቀቀው ባለሙያ የልደት ቀን የሌለው ሰው አይታሰበውም። ገጠር የሚጠየቀው ሰው ደግሞ የልደት ወረቀት የሚባል አይቶ አያውቅም። ጥፋቱ የገበሬው አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ በዝርዝር ከደነገገ በኋላ፣ መጨረሻው ላይ በቁጥር 3361 ይኸው ክፍል ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዳይሠራበት አግዶታል። ትእዛዙ ሲጠበቅ ንጉሡም ደርግም አለፉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ሲሆን ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። እንግዲህ በ1976ም፣ በ1987ም፣ በ1999ም የተካሄዱት ቆጠራዎች ዜጋውን የጠየቁት መንግሥት ራሱ ጽፎ መያዝ ሲገባው ያልያዘውን ነገር ነው።

መልሱ ምን ይሆናል? «እኔ እንጃ ልጄ፣ ስልሳ በለው።» ቆጣሪው 60 ብሎ ይሞላል፤ ወደ ጎረቤት ያልፋል፤ እዚያም «አርባ ቢሆን ነው» ይባላል። ቅጹ አዲስ አበባ ደርሶ ሲደመር 30፣ 40፣ 50 እና 60 ላይ ሰው ተከምሮ ይገኛል፤ 39 እና 41 ላይ ግን ያገር ሰው ያለቀ ይመስላል። ይህን ክምር የሚለኩበት ዘዴ ድሮም ነበር። አሜሪካዊው ዊፕል ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል በ0 እና በ5 የሚያልቅ ዕድሜ የተናገሩትን አስልቶ መለኪያ አወጣ፦ ማንም ካላጠጋጋ ውጤቱ 100፣ ሁሉም ካጠጋጋ 500 ይሆናል። መለኪያው በሽታውን ይነግራል እንጂ አያክምም። መድኃኒቱ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው።

የእኛ መድኃኒት የታሪክ ዝርዝር ነበር። ጣሊያን የገባበት 1928፣ ንጉሡ የተመለሱበት 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ የወሎው ረሃብና አብዮቱ 1966። በኋላ ለመጡት ቆጣሪዎች የሰባ ሰባቱ ድርቅና ኢሕአዴግ የገባበት 1983 ተጨመሩ። ዝርዝሩን ይዞ መሄድ ግን በቂ አልነበረም፤ ቁልፉ ያለው በተከታዩ ጥያቄ ውስጥ ነው። ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ከአንድ አዛውንት ጋር ደጃቸው ላይ ተቀምጠን የተነጋገርነው ዛሬም ለወጣቶች የማስተምርበት ነው።

«አባባ፣ ጣሊያን ሲገባ ልጅ ነበሩ?»

«እረኛ ነበርኩ።»

«የሚጠብቁት ጥጃ ነው ወይስ ከብት?»

«ከብት እንጂ! ጥጃማ የታናሼ ነበር።»

«የተወለዱበት ወንጌላዊ ማን ነው ይሉ ነበር እናትዎ?»

«ሉቃስ። በጥቅምት ጊዮርጊስ።»

አዛውንቱ ዓመቱን አያውቁም፤ ቀኑንና ወንጌላዊውን ግን ያውቃሉ። ዘመነ ሉቃስ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ በዚያ አካባቢ ያሉት 1915፣ 1919 እና 1923 ናቸው። ጣሊያን ሲገባ እንግዲህ ወይ 13፣ ወይ 9፣ ወይ 5 ዓመታቸው ነበር። በ5 ዓመቱ ከብት የሚታመን ልጅ የለም፤ በ13 ዓመቱ ደግሞ እርፍ ይጨብጣል። የ1919 ልጅ ናቸው፤ በቆጠራው ዕለት 57 ሞልቷቸዋል። ከስልሳው በሦስት ዓመት ብቻ ይለያል የሚል ይኖራል። በአንድ ሰው ሲታይ አዎ፣ ምንም አይደለም። በሚሊዮኖች ሲባዛ ግን የትምህርት ቤቱ፣ የክትባቱና የጡረታው ዕቅድ ሁሉ የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ወንጌላዊ የማይቆጥር ሕዝብም የራሱ ሰሌዳ አለው። ቦረና በየስምንት ዓመቱ በሚተካካው ገዳ ያስታውሳል፤ በየትኛው አባ ገዳ ዘመን እንደተወለደ የሚናገር ሰው ዕድሜውን ነግሮናል ማለት ነው። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ገዳ አቆጣጠር ጽፈውታል፤ መጠይቅ አርቃቂ ሊያነበው በተገባ ነበር።

ከዕድሜ የሚከብደው የሞተ ልጅ ነው። «ስንት ልጅ ወልደዋል?» ተብላ የምትጠየቅ እናት በእጇ ያሉትን ትናገራለች። ክርስትና ሳይነሳ የሞተው ስም አልወጣለትም፤ እንዴት ብላ ትጥራው? ያሉትንም ቢሆን መቁጠር የሚያስፈራቸው አሉ፤ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ቸነፈር መጣ የሚለውን ታሪክ ጠቅሰው የመለሱን ሽማግሌዎች ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ብራስ በምሥራቅ አፍሪካ ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት በሠራበት ጊዜ የአፍሪካን መረጃ ጉድለት በቅርብ አይቷል። ከእሱ ሥራ ጋር አብሮ የተስፋፋው አጠያየቅ አንዱን ጥያቄ ይበታትነዋል፦ አብረዋት የሚኖሩ ወንዶች፣ አብረዋት የሚኖሩ ሴቶች፣ ሌላ ቦታ ያሉ ወንዶች፣ ሌላ ቦታ ያሉ ሴቶች፣ በመጨረሻም የሞቱት። በ1987 እና በ1999 ከአምስት ቤተሰብ ለአንዱ በደረሰው ረጅሙ መጠይቅ ውስጥ ይህ ነበር። ከቆጠራው ውጭ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ከዚያም አልፎ፣ አልቅሶ ወይም እስትንፋስ አሳይቶ ጥቂት ሰዓት ብቻ የኖረ ሕፃን አለመኖሩን ይጠይቃል። ለእናት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ጭካኔ የሚመስላቸው ሠልጣኞች አሉ። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው፤ ጥያቄው በዝግታ ከመጣ ብዙዋ እናት ትመልሳለች፤ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ብራስ ከሞቱት ልጆች ተነስቶ የሕፃናትን ሞት ሲያሰላ እናቶቹን በዕድሜ ይመድባል። የእናቲቱ ዕድሜ «ሠላሳ በለው» ከሆነ ስሌቱ አብሮ ይናጋል። ተመልሰን እዚያችው ጥያቄ ላይ ነን።

በ1992 የመጀመሪያው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 15,367 ሴቶችን ሲያነጋግር አንድ የማደንቀው ውሳኔ ተወስኗል፤ ቀኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጻፈ። የውጭ ተመራማሪ ወደ ፈረንጁ ሊለውጠው ከፈለገ 92 ወር ይጨምራል፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ማለት ነው። ሒሳቡን ማሽኑ ይሥራው፤ እናቲቱ አትልፋበት።

ያው ጥናት ሌላም ነገር አስተምሮናል። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያላት እናት ስለ ክትባት፣ ስለ ጡት፣ ስለ ተቅማጥ ገጽ በገጽ ትጠየቃለች። ጠያቂዋ ከጠዋት ጀምራ ደክሟታል፤ ልጁ አራት ዓመት ተኩል ከሆነው ስድስት ወር ብትጨምርለት ያ ሁሉ ገጽ ይዘለላል። የ49 ዓመቷን ሴት 50 ብላ ብትጽፋትማ ቃለ መጠይቁ ጭራሽ ይቀራል። ይህ በብዙ አገር የታየ ነው፤ የእኛ ሪፖርቶችም በአባሪያቸው ያነሱታል። ጠያቂዋን መውቀስ ይቀናናል። እኔ የምወቅሰው መጠይቁን ያረዘመውን ነው።

አራተኛው ቆጠራ በ2010 ሊካሄድ ታስቦ፣ ታብሌቱም ተገዝቶ፣ ደጋግሞ ከተራዘመ በኋላ ሰኔ 2011 ላይ የፓርላማው ሁለት ምክር ቤቶች እንደገና አራዘሙት። ታብሌት ዕድሜ ካልተሞላ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እንዳያልፍ ማድረግ ይቻላል፤ ጠያቂው ያልሰማውን ቁጥር እንዳይሞላ ግን ሊከለክል አይችልም። የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት ከዕድሜ ጥያቄ በፊት የየወረዳውን የታሪክ ዝርዝርና ሁለት ሦስት መሪ ጥያቄዎች ቢያስገባ፣ ለዚህም ሥልጠናው ላይ ቀናት ቢጨምር እላለሁ።

እስከዚያው፣ ቤታችሁ አዛውንት ያላችሁ ቆጣሪውን አትጠብቁ። ዛሬ ጠይቋቸው፤ ከበዓሉና ከወንጌላዊው ጀምሩ፣ ዓመቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ የተገኘውንም ጽፋችሁ ከመታወቂያቸው ጋር አስቀምጡላቸው።