ፕላዝማው አይጠብቅም ነበር

የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ልጆች ከሆናችሁ፣ ታላቅ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን «ፕላዝማ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የፊዚክስ መጽሐፍ «አራተኛው የቁስ አካል ሁኔታ» ይላችኋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሰው ግን መጀመሪያ ይስቃል። ለእሱ ፕላዝማ ማለት አስተማሪ ነው፤ ያውም ጥያቄ የማይቀበል አስተማሪ።

ስሙ የመጣው ከስክሪኑ ነው። በስክሪኑ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ያለው ጋዝ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ፕላዝማ ይሆናል፤ ብርሃኑም የሚገኘው በዚያ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ትምህርት ሚኒስቴር በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጀመረ። ምክንያት ነበረው። ትምህርት ቤቱም ተማሪውም በፍጥነት ሲበዛ፣ ብቁ የሒሳብና የሳይንስ መምህር በዚያው ፍጥነት አልተገኘም። ብዙ ቦታ ቤተ ሙከራም አልነበረም። ስለዚህ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሌሎችም ትምህርቶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጸው መጡ። አዲስ አበባ ያለው ተማሪና ጎጃም ገጠር ያለው ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ማየት ጀመሩ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ቤተ ሙከራ ለሌለው ልጅ ሙከራ በዓይኑ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? ከ40 ደቂቃው ፔሬድ 30 ያህሉን ፕላዝማው ወሰደው። ለመምህሩ የቀሩት የመግቢያና የማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ብዙ መምህራንም ሥራቸው ማብራትና ማጥፋት ብቻ የሆነ መሰላቸው። ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ፍጥነቱም ለሁሉም አንድ ነው። መብራት ከጠፋ ስርጭቱ እናንተን አይጠብቅም።

እኔ የደረስኩት በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ፕላዝማው ጥያቄ ያወጣል፤ ደብተሬ ላይ ገልብጬ ሳልጨርስ መልሱ ይመጣል። ክፍሉ ጸጥ ብሎ እያለ አስተማሪው ከስክሪኑ ውስጥ «በጣም ጥሩ!» ይለናል።

ምህንድስና ስማር ለዚህ ነገር ስም አገኘሁለት፦ ግብረ መልስ የሌለው ሥርዓት። እናታችሁ እንጀራ ስትጋግር ልብ በሉ። ምጣዱን እያየች እሳቱን ትቀንሳለች፣ ትጨምራለች። ያ ግብረ መልስ ነው። ዓይኗን ጨፍና በሰዓት ብቻ ብትጋግር ግን ግማሹ ይቃጠላል፣ ግማሹ ሊጥ ይሆናል። ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ምልክቱ ወጥቶ እስኪመለስ የሚፈጅበት ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። የተማሪው «አልገባኝም» ግን የሚመለስበት መንገድ ስላልነበረው እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀር ነበር።

ቴሌቪዥን ለማስተማር አይሆንም ማለቴ አይደለም። ሜክሲኮ ለገጠር ልጆቿ ተመሳሳይ ትምህርት የጀመረችው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ ግን ስርጭቱ 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። የቀረው ጊዜ ከመምህሩና ከመጽሐፉ ጋር የሚሠራበት ነው። ልዩነቱ ስክሪኑ ላይ ሳይሆን በሰዓቱ አከፋፈል ላይ ነበር።

ዛሬ ትምህርቱ ስልካችሁ ላይ ገብቷል፤ ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ በሜሞሪ ካርድ ከጓደኛ ይገለበጣል። በግጭት ምክንያት ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ በራቁበት በእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፕላዝማው የነፈገንን አንድ ነገርም ይሰጣችኋል፤ ይቆማል። ስለዚህ የሒሳብ ጥያቄ ሲወጣ ቪዲዮውን አቁሙትና ራሳችሁ ሥሩት። ከዚያ መልሱን እዩ። ካልገጠመላችሁ የተሳሳታችሁበትን መስመር አስምሩና ለመምህራችሁ ወይም ለጎበዝ ጓደኛችሁ አሳዩ። እኛ ያጣነው የመልስ መንገድ እሱ ነው።