የአንድነቱን ወጪ ማን ይክፈል?

ጓዶች፣ ቃሊቲ ጉምሩክ ደጅ የተሰለፈውን ከባድ መኪና ስናይ የአፍሪካ አንድነት ትዝ ሊለን ይገባል። ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ በግንቦት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም አባሎቹ መዋጮ ሊከፍሉ ተስማሙ፤ ውዝፍ ግን ተለይቶት አያውቅም። በኋላ ኅብረቱ ከአባላት መዋጮ 75 በመቶውን በ5 አገሮች ትከሻ ላይ ጣለው፤ አልጄሪያ፣ ግብፅ፣ ሊቢያ፣ ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካ በነፍስ ወከፍ 15 በመቶ። በ2003 ዓ.ም. ትሪፖሊ ስትወድቅ አንዱ ምሰሶ ተናጋ። የፕሮግራሙን ወጪማ አብዛኛውን የሚሸፍነው ባዕድ ለጋሽ ነበር። አዳራሹን እንኳ ቻይና ሠርታ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። የቆመውስ የት ነው? ከርቸሌ በነበረበት! እስረኛው ተነሥቶ ወደኛው ሰፈር፣ ወደ ቃሊቲ መጣ።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መሪዎቹ ኪጋሊ ላይ ከአፍሪካ ውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 0.2 በመቶ እንዲቆረጥ ወሰኑ፤ ከ1000 ብር ዕቃ 2 ብር መሆኑ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅትን ደንብ ይጻረራል የሚል ክርክር ተነሣ፤ በተከታዮቹ ዓመታት ሥራ ላይ ያዋሉትም ከአባሎቹ ግማሽ አልሞሉም። እኛን የሚከነክነን ሌላ ነው። ነጋዴው ሁለቷን ብር ዋጋው ላይ ደርቦ ለአቃቂ ላብ አደር ያሻግራታል። ቢሆንም ከልመና ትሻላለች እንላለን፤ ከፋዩ ላብ አደር ከሆነ ግን ሒሳቡም ለእሱ ይነበብለት።