ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ፦ የዘነበወርቅ ሠፈርና የሥጋ ደዌ ሕክምና ታሪክ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዘነበወርቅ ሠፈር ስሙን የወረሰው ከአንድ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉም በበኩሉ በወጣትነታቸው ለተቀጩት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ለልዕልት ዘነበወርቅ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ የተሰየመ ነበር። የዚህ ሠፈር ታሪክ ሕክምና ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ምን እንደሚሳነው አጉልቶ ያሳያል። ስለዚህ በጤና ሙያ የተሠማራን ሁሉ ደጋግመን ልንመረምረው ይገባል።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን የሥጋ ደዌ ሕሙማን በአብያተ ክርስቲያናት ደጃፍና በጠበል ሥፍራዎች ተሰብስበው በምጽዋት ይኖሩ ነበር። ሕሙማንን በግድ ወስዶ በቅጥር ውስጥ መዝጋት በአንዳንድ አገሮች እንደነበረው በሰፊው የተለመደ አልነበረም። ይሁን እንጂ አለመታሰር አለመገለል ማለት አይደለም። ደዌው በዘር የሚወረስ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ለጋብቻ የታጨ ሰው የዘር ሐረጉ ይጠና ነበር። ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎች ዜማቸውን ቢያቋርጡ በዚሁ ደዌ እንመታለን ብለው ይሠጋሉ መባሉም ፍርሃቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያስረዳል። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታው ምክንያት ተሕዋስ መሆኑን ደርሶበት ነበር። ከዕውቀቱ ይልቅ ፍርሃቱ ረጅም ዕድሜ ኖረ።

በአገራችን ለእነዚህ ሕሙማን መጠለያና ሕክምና መስጠት በሐረር ቀደም ብሎ የተጀመረ ሲሆን፣ የአዲስ አበባው ሆስፒታል የተቋቋመው ከጣልያን ወረራ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነው። ሥፍራው በዚያን ጊዜ ከከተማው ውጭ ነበር። ሕሙማኑ ከከተማው እንዲርቁ ተብሎ የተመረጠው ቦታ፣ ከተማው ሰፍቶ ሲደርስበት፣ ዛሬ በቤትና በመንገድ ተከቦ ይገኛል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው ታኅሣሥ 2 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ዛሬ ሁሉም በአጭሩ አለርት የሚለው ተቋም፣ በዚሁ ግቢ ተመሠረተ። ዓላማው ከመላው አፍሪካ ለሚመጡ የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና መስጠት፣ የተጣመመ እጅና እግርን በቀዶ ሕክምና ማቃናት፣ እንዲሁም ስሜት ለተለየው እግር የሚስማማ ጫማ መሥራት ነበር። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን ድርጅቶች እርዳታ በሐንሰን ስም የተጠራው የምርምር ተቋም ከጎኑ ቆመ። በመሆኑም ሐኪሙ፣ ተመራማሪውና ሕመምተኛው በአንድ አጥር ውስጥ ተገናኙ።

ይህ መገናኘት ፍሬ አፍርቷል። እስከዚያ ድረስ ዋነኛው መድኃኒት ዳፕሶን ነበር። ርካሽና ጠቃሚ ቢሆንም ብዙዎች ለዓመታት፣ አንዳንዶችም ዕድሜ ልካቸውን መዋጥ ነበረባቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ተሕዋሱ ይህን መድኃኒት መቋቋም መጀመሩን ካረጋገጡት የዓለም ማዕከሎች አንዱ ይኸው የዘነበወርቅ ግቢ ነበር። ከዚህም የከፋው፣ ዳፕሶን ቀምሰው በማያውቁ አዳዲስ ሕሙማን ላይ ሳይቀር መድኃኒቱ የማይገዛው ተሕዋስ ተገኘ። ከዚህና ከሌሎች አገሮች የተገኘው ማስረጃ ተደምሮ የዓለም ጤና ድርጅት በ1974 ዓ.ም. ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በአንድነት እንዲሰጡ መከረ። በ1975 ዓ.ም. ሕክምናው በአገራችን ተጀመረ። ዕድሜ ልክ የነበረው ሕክምና ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ወደሚፈጅ አጭር ጊዜ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢትዮጵያ የሕሙማኑን ብዛት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች አደረሰች።

እዚህ ላይ ታሪኩን ብናቆም የድል ታሪክ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከአጥሩ ወዲያ ሌላ ታሪክ አለ። ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ለሕክምና የመጡት ብዙዎቹ ወደ ቀዬአቸው አልተመለሱም። አንዱ መድኃኒቱን ላለማጣት፣ ሌላው መሬቱን ወይም ትዳሩን አጥቶ፣ ሌላውም የሚቀበለው ዘመድ ስለሌለ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ ቀረ። ሕክምናው በደጃፋቸው ነበር፤ ንጹሕ ውኃ፣ ሥራና ደኅና ቤት ግን በደጃፋቸው አልነበረም። በአካባቢው ደግሞ የከተማው ጥራጊ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተከመረ፤ ሕዝቡም ቆሼ አለው። ከተማው ሊያያቸው የማይሻቸውን ሰዎችና ሊያየው የማይሻውን ጥራጊ በአንድ አቅጣጫ ማስወገዱን ልብ ማለት ይገባል። ከቆሻሻው ውስጥ የሚሸጥና የሚበላ ፈልገው የሚያድሩ ወገኖች በዙሪያው ሠፈሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አገሪቱም የሐዘን ቀን አወጀች። ያን ምሽት የገደለው ተሕዋስ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። የጤና ፍትሕ የሚለካው ሰው ከሆስፒታል ምን ያህል ኪሎ ሜትር ይርቃል በሚል ብቻ አይደለም። የዘነበወርቅ ነዋሪ ከሆስፒታሉ በአጥር ብቻ የተለየ ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱ ተሕዋሱን ሲገድል የሞተውን ነርቭ አልመለሰም፤ የተነጠቀውን መሬትና ክብርም አላስመለሰም። ይህን ከማንም በፊት የተረዱት ሕሙማኑ ራሳቸው ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቁመው ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ስማቸው ራሳቸው መናገር ጀመሩ። በስማቸው ስንናገር የኖርን ባለሙያዎች ከዚያ ወዲህ ማዳመጥን መማር ነበረብን።

ጉዳዩም አልተዘጋም። በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። ከእነዚህም ቀላል የማይባሉት የሚመጡት እጃቸው ወይም እግራቸው ከተጎዳ በኋላ ነው። አለርት ዛሬ ሁሉን የሚያክም ትልቅ ሆስፒታል ሆኗል፤ ይህም የሚያስደስት ነው፤ ሌላው ሕመምተኛ ሥጋ ደዌ ካለበት ሰው ጎን ተሰልፎ መታከሙ የቀድሞውን ግድግዳ ከማፍረስ የሚቆጠር ነውና። ሆኖም በሽታው እየቀነሰ ሲሄድ የሚያውቀውም ባለሙያ እየቀነሰ ይሄዳል። በገጠር ጤና ጣቢያ ያለ ወጣት ባልደረባችን በቆዳ ላይ የደበዘዘውን ነጠብጣብ አይቶ በጥጥ ጫፍ ስሜቱን ካልፈተነ፣ ሕመምተኛው የሚመለሰው ከዓመታት በኋላ ቁስሉን ይዞ ነው።

እንግዲህ ከእኛ የሚፈለገው ሁለት ነው፤ ነጠብጣቡን ቀድሞ ማየትና፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ። ሁለተኛው ጥያቄ በሕክምና ካርድ ላይ ቦታ የለውም። የዘነበወርቅ ታሪክ የሚነግረን ግን ያልተጠየቀው እርሱ እንደነበረ ነው።