ጠያቂ ያጣ ጥያቄ፦ ሚኒስትሮች፣ እንደራሴዎችና የአርሲ ጭሰኛ

አንድ ሚኒስትር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ንግድ ቁጥጥር ወይም ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት ሲጠየቅ በቴሌቪዥን በተመለከትን ቁጥር፣ ከከተሜው ምሁር አፍ ቀድሞ የሚወጣው አስተያየት አንድ ነው፤ «ምክር ቤቱ ጥርስ የለውም»። አባባሉ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ነገሩን ከግማሽ ያቆመዋል ብዬ አምናለሁ። ይህች አገር በአንድ ወቅት በአንድ ትልቅ ጉዳይ ላይ ጥርስ ያለው ምክር ቤት ነበራት። ሚኒስትሮችን ያስጨነቀ፣ የመንግሥትን ረቂቅ ያዘገየና የከለከለ ምክር ቤት ነበር። በዚያ ጥርስ የተነከሰው ግን ሚኒስትሩ ሳይሆን የአርሲ ጭሰኛ ነበር። ስለዚህ ምክር ቤቱ ምን ያህል ይጠይቃል ከማለታችን በፊት የሚጠይቀው የማንን ጥያቄ ነው ማለት ይገባናል። ለዚህ ከአሰላና ከአካባቢዋ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

የዘውዱ ፓርላማና ሥልጣኑ

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቆመ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ መኳንንትና ሹማምንት ሲሆኑ፣ የሕግ መምሪያው አባላት ደግሞ በየአራት ዓመቱ በሕዝብ የሚመረጡ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ ሚኒስትሮች በምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ ሲጠሩ ቀርበው፣ ሊወጣ ስለታሰበው ሕግ ለሚነሣው ጥያቄ በቃል ወይም በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ ያስገድዳል። በመጋቢት 1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ሲፈቀድላቸው እንኳ የሚኒስትሩ እንጀራ በዘውዱ እጅ እንጂ በምክር ቤቱ እጅ አልነበረም። ሆኖም ረቂቅ ሕግ ለማሳለፍ የምክር ቤቱ ይሁንታ ያስፈልግ ነበርና፣ እንደራሴው ሹመኛውን መሻር ባይችልም ሕጉን ማስቆም ይችል ነበር።

ይህ ሥልጣን በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ለዚህ ማስረጃ ነው። አዋጁ ጥንታዊውን አሥራት ሽሮ ግብሩን በእርሻ ገቢ ላይ ለመጣል የታሰበ፣ ባለርስቱ ከጭሰኛው የሚሰበስበውንም ኪራይ የሚነካ ነበር። ረቂቁ በምክር ቤቱ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ፣ ለባለመሬቶች በሚያመች መንገድ ተሻሽሎ ወጣ። ፒተር ሽዋብ የተባለው ምሁር በዚያ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የውሳኔ አሰጣጥ ባጠናው መጽሐፍ ዋና ምሳሌ ያደረገው ይህንኑ ክርክር ነው። አሻንጉሊት የሆነ ምክር ቤት የገንዘብ ሚኒስቴርን ረቂቅ እንዲህ አይለውጥም።

እንግዲህ እነዚህ ጠያቂዎች እነማን ነበሩ? ሕገ መንግሥቱ ራሱ ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ወረዳው ውስጥ ንብረት ያለው እንዲሆን ያዝዛል። በእርሻ በሚኖር አገር ደግሞ ንብረት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ መሬት ነው። ፓርቲ ማቋቋም አይፈቀድም ነበር። ስለሆነም የጭሰኛው ድምፅ ቢቆጠርም የሚቆጠረው ለአንዱ ወይም ለሌላው ባለመሬት ነበር።

ስንዴው፣ ትራክተሩና ጭሰኛው

በ1960 ዓ.ም. መባቻ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በምህጻሩ ካዱ፣ መቀመጫውን አሰላ ላይ አድርጎ ሥራ ጀመረ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬና ጭሰኛውን በምርጥ ዘር፣ በማዳበሪያ፣ በብድርና በገበያ አገልግሎት መደገፍ ነበር። የስንዴ ዝርያዎች በቁሉምሳ ተፈተኑ፤ ድርጅቱ በገጠር የግብይት ጣቢያዎች ከፍቶ እህልና ወተት ይገዛ ጀመር። በግብርና ረገድ ሥራው የተዋጣ ነበር፤ ምርት ጨመረ።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ስኬት ነው። መሬቱ የሚሰጠው ትርፍ ሲያድግ ባለመሬቱ መሬቱን ራሱ ማረስ አማረው። የመንግሥት የንግድና የግብር ፖሊሲም በዚሁ አቅጣጫ ይገፋው ነበር፤ የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ ይገባል፣ ለትራክተር የሚሆነው ነዳጅ ከግብር ነፃ ይደረጋል። በመሆኑም በኢተያና በአሳሳ በመሳሰሉት ሜዳማ ቦታዎች ትራክተሩ ገባ፣ ጭሰኛው ወጣ። የተፈናቀሉት በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። ይህን የሸሸገ አልነበረም፤ ሔኖክ ክፍሌ በሜካናይዝድ እርሻ መስፋፋትና በገበሬው ላይ ባስከተለው ጉዳት ላይ ያደረገውን ጥናት ያሳተመው ራሱ ካዱ ነው። መረጃው አሰላ ላይ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

የነበረው ሕግ ምን ይል ነበር? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመሬት ኪራይ በምርት ድርሻ ሲከፈል ከሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ይገድባል። አንባቢ ደግሞ ያንብበው፤ ባለመሬቱ ከአራት ቁና ሦስቱን ቢወስድ ሕግ አልተላለፈም ማለት ነው። በተግባር ኪራዩ ብዙ ጊዜ ከሲሶ እስከ እኩል ቢሆንም፣ ሕጉ ለጭሰኛው የሰጠው ጥበቃ ያን ያህል ቀጭን ነበር።

ዐሥር ዓመት የተንከባለለ ረቂቅ

ይህን ለማረም የታሰበው የጭሰኛ ረቂቅ ሕግ የኪራዩን መጠን የሚገድብ፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን የሚያደርግና ጭሰኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ እንዳይባረር የሚከላከል ነበር። መሬት ላራሹ የሚል አልነበረም፤ ባለርስቱን ርስቱን አይነጥቀውም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው የተሰለፉት ምክር ቤቱ በጭሰኛ ጉዳይ መነጋገር በጀመረበት ጊዜ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ጉዳዩን የሚይዝ የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። ሦስተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድም የጭሰኛ ማሻሻያን በተስፋ ጠቀሰ። ረቂቁ ተጻፈ፣ ተሻሻለ፣ ቀረበ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ቀረበ። ሕግ ግን አልሆነም፤ ለጭሰኛው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

በስቶክሆልም ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የስዊድን መንግሥት የሚሰጠው ርዳታ ጭሰኛ ማፈናቀያ ሆነ የሚል ወቀሳ በገዛ አገሩ ስለተነሣበት፣ ርዳታውን ሲቀጥል የጭሰኛ ሕግ እንዲወጣ ግፊት ያደርግ ነበር። የአሰላን ጭሰኛ ጉዳይ አጥብቆ የጠየቀው አዲስ አበባ የተቀመጠው የአርሲ እንደራሴ ሳይሆን ድምፁን ፈጽሞ የማይፈልገው የሩቅ አገር ሰው መሆኑ የሚያሳፍር እውነት ነው።

አንድ ሰው «የባለመሬቶች ምክር ቤት የባለመሬቶችን ጥቅም መንካት ከየት ይችላል?» ይለኝ ይሆናል። የእንግሊዝ ታሪክ ግን ሌላ መንገድ እንደነበረ ያሳያል። የእንግሊዝ ፓርላማ በባለርስቶች የተሞላ ሳለ፣ ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ቀረጥ የሚጥለውን የባለርስቶች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1846 ሽሮታል። ያንን ያደረገው የባለርስቶቹ ፓርቲ መሪ ሮበርት ፒል ራሱ ነው፤ ፓርቲውም በዚሁ ተከፈለ። ለዚህ ካበቁት ምክንያቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1832 የተደረገው የምርጫ ማሻሻያ ለፋብሪካ ከተሞች መቀመጫ መስጠቱ ነው። እንደ ሪቻርድ ኮብደን ያሉ ሰዎች በእነዚያ መቀመጫዎች ገብተው ሚኒስትሮቹን ስለ ዳቦ ዋጋ ሳያሰልሱ ሞገቱ። ባለርስቶቹ ልበ ሩኅሩኅ ስለሆኑ አልነበረም ሕጉ የተሻረው፤ የሌላውን ሰው ጥያቄ የሚያነሣ እንደራሴ በመካከላቸው ስለተቀመጠ ነው። ለእኛ ምክር ቤት የጎደለው ይህ ነበር።

መሬቱን አግኝቶ ጥያቄውን ያጣ ገበሬ

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣን ሲለቅ የተተካው የልጅ እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት የመሬት ማሻሻያ ለማድረግ ቃል ገባ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ምክር ቤቱን በተነ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑን ዐወጀ። ባለመሬቶቹ ሲሶውን ላለመተው ዐሥር ዓመት ተከራክረው ሁሉንም በአንድ ቀን አጡት።

የአርሲ ጭሰኛ ያን ቀን ነፃ ወጣ፤ ይህን ማሳነስ አይገባም። ነገር ግን አዋጁ ያለ ምክር ቤት፣ ያለ ጠያቂና ያለ ክርክር የመጣ ነበርና፣ የሰጠው እጅ ሌላ ነገር ሲወስድ የሚጠይቀው አልነበረም። ብዙ ሳይቆይ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቁሞ ገበሬው እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በወሰነው ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። ትርፍ አምራች በሆኑት በአርሲና በጎጃም ደግሞ የግል ነጋዴ ከእህል ግዥ ጨርሶ እንዲወጣ ተደረገ። ትናንት ለባለርስቱ ይሰፍር የነበረው ገበሬ ዛሬ ለድርጅቱ ይሰፍር ጀመር። ብሔራዊ ሸንጎ ሲቋቋምም ሁኔታው አልተለወጠም። ፖሊሲው የተቀየረው በ1982 ዓ.ም. ነው፤ ለውጡም የታወጀው አንድ የአርሲ እንደራሴ ሚኒስትሩን አፋጥጦ ሳይሆን፣ የአገሪቱ መሪ ለፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ባቀረቡት ሪፖርት ነው።

የዛሬው መድረክ

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ አንድ ሦስተኛ አባላት ሲጠይቁ በማናቸውም የአስፈጻሚው ጉዳይ ላይ መወያየት ግዴታ ያደርገዋል። ከ1948ቱ ድንጋጌ ይህ እጅግ ይሰፋል፤ የንብረት መመዘኛም የለበትም። ሆኖም በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547ቱ ወንበሮች 545ቱ በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ ተያዙ። በዚያው ምክር ቤት ዘመን፣ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የንግድ ሚኒስቴር በዳቦ፣ በስኳር፣ በዘይትና በሌሎችም በርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ሸቀጥ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫም ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን አንድ ፓርቲ ወሰደ። ትናንት እንደራሴው የርስቱ ምርኮኛ ነበር፤ ኋላ ደግሞ የእጩነቱ ምርኮኛ ሆነ።

ለከተማ ነዋሪ አንባብያኔ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እኛ ዳቦ ሲወደድ ሚኒስትሩ እንዲጠየቅ እንፈልጋለን፤ ብዙ ጊዜም ይጠየቃል። ዳቦው እንዲረክስ ሲባል የስንዴው ዋጋ ሲታፈን፣ የስንዴው ሰፈር በሚገፋበት የቢራ ገብስ ገበያ ገዥዎች ጥቂት ሲሆኑ፣ ማዳበሪያ ከዘር ወቅት ሲዘገይ የሚከፍለው በዲገሉ፣ በሳጉሬና በበቆጂ ያለው ገበሬ ነው። የእኛ ጥያቄና የእሱ ጥያቄ አንድ አይደሉም። አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው ሁለቱም በምክር ቤቱ ወለል ላይ ፊት ለፊት መቆም አለባቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሚኒስትር ለምክር ቤቱ ሲመልስ ስንሰማ ሦስት ነገሮችን እናስተውል። ጠያቂው የመረጡትን ሰዎች ችግር ስም፣ ቦታና መጠን ጠቅሶ ያነሣል ወይ? መልሱ ካላረካው ደግሞ መጠየቅ ይፈቀድለታል ወይ? የጠየቀው እንደራሴ በመጠየቁ ምክንያት ቀጣዩን እጩነት ያጣል ወይ? የእነዚህ መልስ ከሚኒስትሩ መልስ ይበልጣል። የአርሲ ታሪክ እንደሚመሰክረው በምክር ቤት ውስጥ ጠያቂ ያጣ ጥያቄ አይሞትም፤ ሌላ መድረክ ይፈልጋል፣ ያን ጊዜም ሚኒስትሩም እንደራሴውም አይገኙበትም።