ትብሊሲ ያቆየችው መድኃኒት

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

በ1937 የጆርጂያው ማይክሮባዮሎጂስት ጊዮርጊ ኤሊያቫ በስታሊን ፖሊሶች ተይዞ ተረሸነ። የኦፔራ ዘፋኝ የነበረችው ባለቤቱም ከግድያው አላመለጠችም። «ከቤርያ ጋር በሴት ተጣልቶ ነው» የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይወራል። ወሬ ነው፤ በዚያ ዓመት ሰው ለመግደል ምክንያት አይፈለግም ነበር።

ሰውየው ትቶት የሄደው ሥራ ግን ዛሬ ዓለም በጭንቀት ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ሆኗል።

ነገሩ የሚጀምረው ፓሪስ ነው። በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል በ1917 የተቅማጥ ባክቴሪያን የሚበላ በዓይን የማይታይ ፍጥረት ማግኘቱን አሳወቀ። ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት ተመሳሳይ ነገር አይቶ ጽፎ ነበር፤ አልገፋበትም። ዴሬል ግን ስም አወጣለት፦ ባክቴሪዮፋጅ፣ ማለትም ባክቴሪያ በላ። በ1919 በተቅማጥ ለታመመ ሕፃን ከመስጠቱ በፊት እሱና ባልደረቦቹ ራሳቸው ጠጥተው ሞከሩት። ሕፃኑ ዳነ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፋጅ ቫይረስ ነው፤ ሰውን ግን አይነካም። ባክቴሪያው ላይ ተለጥፎ የዘር መልእክቱን ያስገባል፣ ውስጡ ይራባል፣ በመጨረሻም ሆዱን ቀዶ ይወጣል። ችግሩ ምርጫ ማብዛቱ ነው። አንዱ ፋጅ የሚገድለው አንድን የባክቴሪያ ዓይነት፣ አንዳንዴም የዚያኑ ዓይነት ጥቂት ዝርያ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በሽተኛ የሚስማማው ተፈልጎ መገኘት አለበት።

ፓሪስ ከዴሬል ጋር የተዋወቀው ኤሊያቫ በ1923 ትብሊሲ ውስጥ ኢንስቲትዩት አቋቋመ። ዴሬልም በ1930ዎቹ እዚያ ሄዶ ሠራ፤ አንድ መጽሐፉን ሳይቀር ለስታሊን መታሰቢያ አደረገ። ወዳጁ ሲገደል ግን ወደዚያ አልተመለሰም። ይኖርበታል ተብሎ የተሠራው ቤት የምሥጢር ፖሊስ መሥሪያ ቤት ሆነ።

ምዕራቡ በበኩሉ ፋጅን ረሳው። ጥፋቱ የፔኒሲሊን ብቻ አልነበረም። በ1930ዎቹ ይሸጡ ከነበሩት የፋጅ ምርቶች ብዙዎቹ በማቆያ ኬሚካል ወይም በሙቀት ፋጁ የሞተባቸው፣ ስማቸው ብቻ የቀረ ነበሩ። በ1934 የወጣ አንድ የአሜሪካ ሐኪሞች ግምገማም ማስረጃው ደካማ መሆኑን ጻፈ። ፔኒሲሊን ሲመጣ ነገሩ አበቃ። አንድ ብልቃጥ ለሁሉም የሚሠራ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ማን ይፈልጋል?

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 ኖቤል ሲቀበል አስጠንቅቆ ነበር፦ ሰው መድኃኒቱን ከሱቅ ገዝቶ ከሚገባው ያነሰ ከወሰደ ባክቴሪያው ይጠነክራል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ ገዝቶ፣ በሁለተኛው ቀን ሲሻለው አቁሞ፣ የተረፈውን መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው በየቤቱ አለ።

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» የሚለው አነጋገርም ሰውን ያሳስታል። የሚላመደው ሰውነት አይደለም፤ ጀርሙ ነው። የተላመደው ጀርም ደግሞ ኪኒን ውጦ ወደማያውቀው የጎረቤት ልጅ ይሻገራል። በየዓመቱ ከኖቬምበር 18 እስከ 24 የሚካሄደው የግንዛቤ ሳምንት ከሁሉ አስቀድሞ ይህችን አንዲት ነጥብ ቢያስጨብጥ ይበቃው ነበር። በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ በላንሴት የታተመ ጥናት ገምቷል።

ትብሊሲ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራዋን አላቆመችም። ኢንስቲትዩቱ ለቀይ ጦር ቁስለኞች ፋጅ ያቀርብ ነበር። የከፋው የመጣው ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣዎቹ ቆሙ፣ ለአሥርት ዓመታት ከተሰበሰበው ፋጅ ከፊሉ ተበላሸ። የቀረውን ያተረፉት ደመወዛቸው የተቋረጠ ሠራተኞች ናቸው።

በ2015 መጨረሻ ቶም ፓተርሰን የተባለ የካሊፎርኒያ ፕሮፌሰር ግብፅን ሲጎበኝ ታመመ። አሲኔቶባክተር ባውማኒ የተባለው ባክቴሪያ ለየትኛውም አንቲባዮቲክ አልበገር አለ። ባለቤቱ ስቴፋኒ ስትራትዲ የተላላፊ በሽታዎች ተመራማሪ ናት። ፋጅ ያላቸውን ቤተ ሙከራዎች በኢሜይል ለመነች፤ የቴክሳስ ተመራማሪዎችና የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰጧት። በማርች 2016 በደም ሥሩ ተሰጠው፤ ራሱን ስቶ የነበረው ሰው ነቃ።

ይህን አይቶ ፋጅን ተአምር ማድረግ ግን ስህተት ነው። በፈረንሳይና በቤልጂየም ሆስፒታሎች በእሳት ቃጠሎ ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ፋጎበርን የተባለ ሙከራ ውጤት አሳፋሪ ነበር፤ የተዘጋጀው ፋጅ ኃይሉ ደክሞ ከተለመደው ቅባት አነሰ። የ1930ዎቹ የምርት ጣጣ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ገበያውም አይረዳም። አካኦጀን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2018 ለአዲስ አንቲባዮቲክ ፈቃድ አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሰረ። ለክፉ ቀን የሚቀመጥ መድኃኒት ብዙ አይሸጥም፤ ነጋዴ ደግሞ በማይሸጥ ነገር አይኖርም። ለእያንዳንዱ ሰው ተለይቶ የሚዘጋጀው ፋጅማ ከዚህም የባሰ ነው። ቤልጂየም በ2018 መላ አበጀች፦ ፋጁ እንደ ፋብሪካ ምርት ሳይሆን ሐኪም አዝዞ ፋርማሲስት እንደሚቀምመው መድኃኒት እንዲታይ ፈቀደች።

ኤሊያቫ እንዴት እንደሞተ ሳይሆን እንዴት እንደሠራ የሚታወሰው በዚያችው ከተማ ነው። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ ስሙን ይዟል። አገራቸው መድኃኒት ያጡ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ሕመምተኞች ወደ ትብሊሲ ይበራሉ፤ ከቁስላቸው የተወሰደው ናሙና ከተረፈው የፋጅ ክምችት ጋር ይገጣጠማል፣ የሚበላው እስኪገኝ ድረስ።