የበጎ ፈቃድ ነፍስ አድን ሥራ አጀማመር በኢትዮጵያ

በባሕር ጠረፍ የሚኖሩ ሕዝቦች ማዕበል የወሰደውን ሰው የሚያወጣ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ማቋቋም ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በአውስትራሊያ የቦንዳይ የነፍስ አድን ክበብ በ1907 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት፣ አባላቱ ያለ ደመወዝ በተራ ጠረፉን የሚጠብቁ ዋናተኞች ነበሩ። በአገራችን ግን ይህን የመሰለው ሥራ በማኅበር ደረጃ የተደራጀው ከማዕበል ሳይሆን ከጦርነት ሥጋት የተነሣ ነው።

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ በኩል በተከማቸበት ወቅት፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው ወር ኢትዮጵያ ስለ ቁስለኞች አያያዝ የተደነገገውን የጄኔቫ ስምምነት ተቀበለች። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ መስከረም 15 ቀን 1928 ዓ.ም. ለማኅበሩ ዕውቅና ሰጠ፤ ልክ በሳምንቱ ጠላት የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ማኅበሩ ለዝግጅት ያገኘው ጊዜ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም።

በዚያን ጊዜ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ዶክተር ቶማስ ላምቢ በአገር ውስጥ የነበሩትን ሐኪሞችና ሚሲዮናውያን አስተባበሩ፤ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከብሪታኒያ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብፅም የሕክምና ጓዶች መጡ። ቁስለኛ በማንሣት፣ ቁስል በማጠብና በማሰር ግን ብዙ ስማቸው ያልተመዘገበ ኢትዮጵያውያን አገልግለዋል።

በድንኳኖቹ ላይ የተዘረጋው ቀይ መስቀል እንደ ጋሻ ይቆጠር ነበር። ይሁን እንጂ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ ምልክቱን የያዘው ሆስፒታል በቦምብ ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የስዊድን ጓድ፣ የካቲት 25 ቀን በቆረም አካባቢ የብሪታኒያ ጓድ ተደበደቡ። የብሪታኒያውን ጓድ የመሩት ዶክተር ጆን ሜሊም በሚያዝያ ወር መጨረሻ አዲስ አበባ በተዘረፈችበት ጊዜ፣ ቁስለኞችን ከጎዳና ሲያነሡ በጥይት ተመትተው ሞቱ።

በወረራው ዘመን የተቋረጠው ሥራ ከነፃነት በኋላ እንደገና ሊቀጥል የቻለው፣ ከተቃጠሉት ድንኳኖች ይልቅ የሰው ፈቃድ ጸንቶ በመቆየቱ ነው። ምልክት የሚያስከብረው የሌላው ወገን ሕሊና ሲሆን፣ ዝግጅት ግን በራስ እጅ ያለ ነገር ነው። የቦንዳይ ዋናተኞች ማዕበሉ ሳይነሣ በፊት ገመዳቸውን ያዘጋጁ ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. የተሰለፉት ግን ይህን ዕድል አላገኙም። ዛሬ በሰላም ጊዜ የመጀመሪያ ርዳታ የሚማር ባልደረባ ሁሉ፣ ለእነዚያ ቀደምት የጎደላቸውን ጊዜ በእጁ ይዟል።