የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ከውጭ አበልጻጊዎች ጋር የሚያደርጉት ክፍት ትብብር

ክፍት ትብብር አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ተቀጣሪዎቹ ላልሆኑ የሶፍትዌር አበልጻጊዎች ሥራውን በመክፈት አዳዲስ ምርቶችንና ማሻሻያዎችን በጋራ የሚያመነጭበት አሠራር ነው። ትብብሩ ፍሬ የሚያፈራው ግን በሩ ስለተከፈተ ብቻ አይደለም። ግልጽ ፈቃድ፣ የታወቀ የምርመራ ሥርዓትና ዘላቂ ጥገና ያስፈልጉታል።

ሁለቱ የትብብር መልኮች

የመጀመሪያው ኩባንያው የምርቱን ምንጭ ኮድ ሳይገልጥ፣ ሌሎች በምርቱ ላይ የራሳቸውን መተግበሪያ እንዲሠሩ የሚያስችል የማገናኛ ሥርዓት የሚያቀርብበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው የአፕል አይፎን ስልክ መጀመሪያ ላይ በውጭ አበልጻጊዎች የተሠሩ መተግበሪያዎችን የሚጭኑበት የመተግበሪያ መደብር አልነበረውም። ኩባንያው መደብሩን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ሲከፍት 500 ያህል መተግበሪያዎች ቀርበዋል። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ራሱ ያላሰባቸው በርካታ አገልግሎቶች በስልኩ ላይ ሊሠሩ ችለዋል።

ሁለተኛው ምንጭ ኮዱ ራሱ ለሁሉም ክፍት የሚሆንበት ነው። ማንኛውም ሰው ኮዱን ማንበብ፣ መጠቀም፣ ማሻሻልና በፈቃዱ መሠረት መልሶ ማሰራጨት ይችላል።

የሊኑክስ ተሞክሮ

ለሁለተኛው መልክ በስፋት የሚጠቀሰው ምሳሌ ሊኑክስ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ይህ ሥራ የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና እምብርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሊኑክስ ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ሥር ሆነ። ፈቃዱ ኮዱን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሁሉ ያሻሻለውን ኮድ ለተቀባዮቹ በዚያው ፈቃድ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በመሆኑም አንዱ ኩባንያ የሌላውን ድካም ወስዶ በሩን ሊዘጋ አይችልም።

ይህ ዋስትና ተፎካካሪ ኩባንያዎችን በአንድ ሥራ ላይ አገናኝቷል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2000 ማብቂያ በቀጣዩ ዓመት ለሊኑክስ 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚመድብ አስታወቀ። የራሱ ስርዓተ ክወና ያለው ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 20,000 የሚጠጋ የኮድ መስመር አበረከተ። የአንድሮይድ ስልኮችም የሚሠሩት በሊኑክስ እምብርት ላይ ነው። ኩባንያዎቹ ሁሉም የሚፈልጉትን መሠረት በጋራ ይገነባሉ፤ ፉክክራቸውን የሚያደርጉት ደግሞ በመሠረቱ ላይ በሚያቀርቧቸው ምርቶችና አገልግሎቶች ነው።

የሚቀርብ ማሻሻያ ሁሉ ግን ተቀባይነት አያገኝም። አቅራቢው የለውጡን ምክንያት በጽሑፍ ያስረዳል፤ ኮዱን የማበርከት መብት እንዳለውም በስሙ ያረጋግጣል። ለየክፍሉ የተመደቡ ኃላፊዎች ለውጡን ይመረምራሉ፤ ያመኑበትንም ለመጨረሻ ውሳኔ ወደ ቶርቫልድስ ያስተላልፋሉ። ይህን ብዛት ያለው ለውጥ ለማስተዳደር ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊት የተባለውን የኮድ መቆጣጠሪያ ሠራ። ጊት ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባሉ አበልጻጊዎች ዘንድ የተለመደ መሣሪያ ሆኗል።

ጥገና ሲጓደል የሚደርስ አደጋ

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው ክፍት ሶፍትዌር ውስጥ ሃርትብሊድ የሚል ስያሜ የተሰጠው የደኅንነት ክፍተት ይፋ ሆነ። ሶፍትዌሩ በበይነ መረብ የሚተላለፉ የይለፍ ቃሎችንና የክፍያ መረጃዎችን ለመጠበቅ በስፋት የሚያገለግል ነበር። ክፍተቱ ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቷል። ታላላቅ ኩባንያዎች የሚተማመኑበት ይህ ሶፍትዌር ይጠበቅ የነበረው አነስተኛ ገንዘብ ባላቸው ጥቂት ሰዎች ነበር። ከዚህ በኋላ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር በመሆን ለመሰል ወሳኝ ሶፍትዌሮች የገንዘብ ድጋፍ ጀመረ። ኮድ ለሁሉም ክፍት መሆኑ የሚመረምረው ሰው ስለመኖሩ ማረጋገጫ እንደማይሆን ክስተቱ አሳይቷል።

በኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

ክፍት ሶፍትዌር በሀገራችን የሕዝብ አገልግሎት ውስጥም ይሠራበታል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ መነሻ ያደረገው በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረውን ሞሲፕ የተባለ ክፍት የመታወቂያ ሥርዓት ነው። በጤናው ዘርፍ መረጃ ለማሰባሰብ የሚያገለግለው ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚበለጽግ ክፍት ሶፍትዌር ነው። እንዲህ ያለው ምርጫ ሥርዓቱን ለሀገር ውስጥ ፍላጎት ለማስማማትና በአንድ አቅራቢ ላይ ብቻ ጥገኛ ላለመሆን ይረዳል። ኮዱን አንብበው የሚያርሙ የሀገር ውስጥ ባለሙያዎች ከሌሉ ግን ጥቅሙ የተሟላ አይሆንም።

ከትብብሩ በፊት ሊጤኑ የሚገባቸው ነጥቦች

ክፍት ሶፍትዌር ለመጠቀምም ሆነ የራሱን ሥራ ለመክፈት ያሰበ ተቋም ወይም አበልጻጊ የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይኖርበታል፦

1. ፈቃዱ የሚሰጠውን መብትና የሚጥለውን ግዴታ፤
2. የሚቀርቡ ማሻሻያዎችን የሚመረምረውና የሚያጸድቀው ማን እንደሆነ፤
3. የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ ለማን፣ በምን መንገድ እንደሚገለጽ፤
4. ለቀጣይ ጥገና የተመደበ ባለሙያና በጀት መኖሩን።